ለአየሁሽ ድህነት ሦስት ምስክሮች

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ ይታወቅ። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም ወር፣ የቢቸና ከተማ ነዋሪ የሆኑት ክብርት ወይዘሪት አየሁሽ ሣህለ ማርያም፣ የሹሩባ ባለሙያ፣ የአንድ ሚዶና የአንድ በርጩማ ብቸኛ ባለቤት፣ ያለማንም አስገዳጅነት፣ በሙሉ ፈቃዳቸው፣ በማኅተም የተረጋገጠ ድሃ ለመባል ለቀበሌ ጥያቄ አቅርበዋል። ሰፊው ሕዝብ ይህን ታሪካዊ እርምጃ በንቃት ይከታተል ዘንድ ጥሪ ተላልፏል።

ሰፊው ሕዝብ አልተከታተለም። የጤፍ ዋጋ እየተከታተለ ነበር።

አየሁሽ ከዚያ ቀን በፊት ሀብታም ነበረች ማለት አይደለም። ድሃ ነበረች፤ ግን ድህነቷ የግል ጉዳይዋ ነበር፣ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። አባቷ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ከአንድም ተማሪ ሳንቲም አልተቀበሉም። ሲሞቱ የተዉት አንድ ቤት፣ ጥቂት የብራና መጻሕፍትና ትልቅ ስም ነው። መጻሕፍቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። ቤቱ ባለ ቆርቆሮ ነው፤ ከመንገድ ለሚያየው የደላው ሰው ቤት ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውስጡ ሦስት ሳፋና አንድ ድስት ይደረደራል። ከወረሱት ሁሉ ያላፈሰሰው ስሙ ብቻ ነው።

እናትና ልጅ የሚኖሩት በአየሁሽ ጣቶች ነው። ከጣራው ክፈፍ ሥር በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ደንበኛዋን ከእግሯ ሥር ሰሌን ላይ ታስቀምጣለች፣ ትሠራለች። አንድ ራስ አሥራ ሁለት ብር። በሚዶዋ ጫፍ የምትከፍለው መስመር ከግንባር ተነሥቶ ማጅራት እስኪደርስ አይዛነፍም። ራስ ታውቃለች። ትናንት ያለቀሰችውን፣ ባሏን የምትፈራውን፣ ሳትወድ የታጨችውን ከራስ ቅሏ ቆዳ አወጣጠር ትለያለች፤ ለይታም ዝም ትላለች። ከአሥራ ሁለቱ ብር ውስጥ ሁለቱ የዝምታዋ ዋጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ መስታወት መጣ። በዋናው መንገድ ዳር ሁለት የውበት ሳሎኖች ተከፈቱና ወጣቶቹ ሰሌን ላይ መቀመጥ ተዉ። አየሁሽም ጊዜው እንደገባው ሰው ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዳ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ከሚታደሉት የመሥሪያ ክፍሎች አንዱ እንዲሰጣት ጠየቀች። ኃላፊው ሰርተፍኬት አምጪ አላት። እሷ የሙያዋ ማስረጃ በከተማው ግማሽ ሴት ራስ ላይ እንደሚገኝ ነገረችው። እሱ ደግሞ የሰው ራስ ፋይል ውስጥ እንደማይገባ በትሕትና አስረዳት። እስከ መጋቢት መጨረሻ የሠለጠነችበትን ወረቀት ካመጣች ክፍሉ ይጠብቃታል፤ ካላመጣች ለተረኛ ይሄዳል።

ወረቀቱ የሚሰጠው ሞጣ ነው። ማስታወቂያው ቢቸና ድረስ መጥቶ የመብራት እንጨት ላይ ተለጥፏል። ሳባ የውበትና የፀጉር ሥራ ማሠልጠኛ፤ ስድስት ወር፤ በወር ሦስት መቶ ብር፤ መመዝገቢያ አንድ መቶ፤ የመለማመጃ ዕቃ ስድስት መቶ። ሲደመር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር። አየሁሽ ቆማ በራስ አሰላችው፤ በገዛ ራሷ ማለቴ አይደለም፣ በደንበኛ ራስ። ሁለት መቶ ዘጠኝ ራስ ይሆናል፤ ያውም በመካከሉ እናትና ልጅ ምንም ካልበሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ እውነተኛው ነገር በደቃቅ ፊደል ከታች እንደሚጻፍ በዚህች አገር የማያውቅ የለም። እንዲህ ይላል፦ ለሁለት ችግረኛ እህቶች ነፃ የትምህርት ዕድል አለ፤ ችግረኛነታቸውን በሦስት ምስክሮች አረጋግጠው የቀበሌ ደብዳቤ ማቅረብ አለባቸው።

እናቷ ወይዘሮ ብሩክታይት ነገሩን ሲሰሙ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ።

«ምን ብለው ነው የሚጽፉት?»

«ችግረኛ ናት ብለው።»

«የመሪጌታ ሣህለ ማርያምን ልጅ?»

«እሳቸውንማ ማን ይነካቸዋል፣ እማ። እኔን ነው። ለስድስት ወር ትምህርት ብቻ ነው።»

«ስድስት ወር ድሃ ሆነሽ፣ ሰባተኛው ላይ ይፍቁልሻል?»

ሦስት ቀን ተኳረፉ፤ በአራተኛው እናት ተሸነፉ። ምስክሮቹን አየሁሽ መረጠች፤ የመረጠችውም የቤቱን ጓዳ የሚያውቁትን ነው። አንዷ ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ናቸው፤ ዱቄት ሲያልቅ ሳይጠየቁ በነጠላ ሥር ይዘው የሚመጡ ሴት። ሁለተኛው የእድሩ ዳኛ ጋሼ ወልደ ኪዳን። ሦስተኛው የኔታ ወልደ ሰንበት፣ የአባቷ የድሮ ጓደኛ፣ እሳቸውም የቅኔ መምህር። እነዚህ ሦስቱ ስለዚያ ቤት ድህነት ለመመስከር ከባለቤቶቹ ይልቅ ብቁ ነበሩ።

እንግዲህ ስሕተቱ እዚህ ጋ ነው፤ ይህን ስሕተት ሊሠራ የሚችለው እንደነሱ ያለ ቤት ብቻ ነው። ወይዘሮ ብሩክታይት ለልጃቸው ብለው ቀበሌ ድረስ የሚደክሙ ሽማግሌዎችን በባዶ አፍ ሊያሰማሩ አልቻሉም። በዋዜማው፣ ሐሙስ፣ ለምሳ ጠሯቸው። የነበረቻቸውን አንዲት እንቁላል ጣይ ቀይ ዶሮ አረዱ። ቅቤ አልነበረም፤ ተበደሩ። የተበደሩት ከማን ነው ቢሉ፣ ከእትዬ ፈንታነሽ፣ ከምስክሯ። ምስክሮቹ በሉ፣ ጠገቡ፣ መረቁ። አየሁሽም በአክብሮት ቆማ እጅ ስታስታጥብ ዋለች፤ አንድም ቀን እንዲህ ኮርታ አታውቅም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱ ምስክሮች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ልጅ ሊያጩ እንደሚሄዱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ቀበሌ ገቡ። የቀበሌው ጸሐፊ ቢያድግልኝ ይባላል፤ ጠንቃቃ ወጣት ነው፤ ማኅተሙን ከተጠቀመበት በኋላ ሁሉ በስስ ጨርቅ ይጠርገዋል። ስማቸውን መዘገበና የልጅቷን ኑሮ እውነት እውነቱን እንዲነግሩት ጠየቃቸው።

ጋሼ ወልደ ኪዳን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ትናንት ከነሱ ቤት ዶሮ ወጥ በልቻለሁ፤ ያውም በቅቤ የሰከረ። ዛሬ በማኅተም ፊት ቆሜ ድሃ ናቸው ብል፣ የበላሁት ምን ይለኛል?»

እትዬ ፈንታነሽ ስለ ዱቄቱ ምንም አላሉም። የሰጡትን ማውራት ለእሳቸው ከመንጠቅ አይለይም። ቤቱ ሙሉ ነው፣ እመቤቲቱም ከሰው ደጅ ቆመው አያውቁም አሉ፤ የኋለኛው እውነት ነው፣ ደጅ የሚመላለሱት ራሳቸው ፈንታነሽ ነበሩና። የኔታ ወልደ ሰንበት በበኩላቸው በዚያ ቤት ተማሪ ጾሙን አድሮ እንደማያውቅ ተናገሩ። ይህም እውነት ነው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት እውነት ነው።

አየሁሽ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። ታላላቆች ሲናገሩ አይቋረጡም፤ ይልቁንም ሲያመሰግኑ። ቢያድግልኝ ቀና ብሎ አያት። እንደተነገረው መጻፍ ግዴታው ነው፤ ልጅቷም አሳዘነችው። ስለዚህ ሁለቱንም አደረገ። ደብዳቤው እንዲህ ወጣ፦ ቤተሰቡ የተከበረ፣ እንግዳ ተቀባይና የተሟላ ኑሮ ያለው መሆኑን ሦስት ምስክሮች ስላረጋገጡ፣ ለችግረኛ የሚሰጠው ድጋፍ እንዲደረግላት በትሕትና እንጠይቃለን።

ምስክሮቹ ሲወጡ ደስ ብሏቸው ነበር። የኔታ ራሷን ዳበስ አድርገው፣ አባትሽ ከመቃብር ቢሰማ ዛሬ ይኮራ ነበር አሏት። እጃቸውን ሳመች። አበላሻችሁት ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት በዚያች ከተማ ገና አልተፈለሰፈም።

ደብዳቤውን ይዛ ሞጣ ሄደች። ደብረ ወርቅን አልፎ በዚያ ኮረኮንች መንገድ በቅጥቅጥ አውቶቡስ መሄድ ማለት ሰው ያለውን ተስፋ አጥብቆ መያዝ ያለበት ጉዞ ነው። የማሠልጠኛው ባለቤት ወይዘሮ ሳባ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም።

«ልጄ፣ ለእኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢጻፍልኝ ባንክ ይዤው እሄድ ነበር።»

ከሁለቱ ነፃ ዕድሎች አንዱ ችግሯ በስልክ ለተነገረላት ልጅ እንደተሰጠ፣ ሁለተኛው ግን ትክክለኛ ወረቀት እንደሚጠብቅ አስረዷት። አየሁሽ ልትወጣ ስትል ዓይኗ መለማመጃው ወንበር ላይ ዐረፈ። የመስቀል ሰሞን ነው፤ አንዲት ደንበኛ አልባሶ የሚባለውን ሹሩባ ልትሠራ ተቀምጣ፣ አምስት ተማሪዎች ከበዋት መስመሩን ወደ ግራ ወስደውባታል። አየሁሽ ለራሷ ጉዳይ አፏን መክፈት ያቃታት ልጅ፣ የጠመመ መስመር ሲሆን ግን አላስቻላትም። ሚዶውን ተቀበለቻቸው፣ የተሠራውን ፈታችው፣ ከግንባር ጀመረች። ሳባ እጃቸውን አጣጥፈው እስክትጨርስ ቆሙ።

ስምምነቱ በዚያው ቀን በእጅ ተጻፈ። ጠዋት ጠዋት አየሁሽ ለከፋዮቹ ተማሪዎች ሹሩባ ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከነሱ ጋር ተቀምጣ ፀጉር በቢጎዲን መጠቅለል፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ማስገባት፣ በፒያስትራ መተኮስ፣ ቀለም መቀባት ትማራለች። ለማስተማሯ ግማሹ ክፍያ ይቀርላታል፤ ግማሹን፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር፣ ስትጨርስ ከፍላ ሰርተፍኬቷን ትወስዳለች። ያ ካልሆነ በደንብ የተጻፈ የችግረኛነት ደብዳቤ ታመጣለች። አየሁሽ ፈረመች። ማን አስተማሪ ሆኖ ለማስተማሩ የሚከፍልበት ውል ይፈርማል ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ ቀላል ነው፤ ሌላ ውል ያልቀረበለት።

በአብዮቱ ዘመን በራሪ ወረቀት ላይ በዝባዥ ሁልጊዜ ወፍራም ነው፤ ሲጋራ ያጨሳል። ወይዘሮ ሳባ ቀጭን ናቸው፤ ምሳቸውን ከተማሪዎቻቸው ጋር ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ የቤት ኪራይ በየሩብ ዓመቱ ይጨመርባቸዋል፤ መብራት ሲጠፋ ለካስኩ ጄኔሬተር ያስነሣሉ፣ ቤንዚኑም በእሳቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ይቀል ነበር። አንድ ያደጉበት ልማድ ብቻ አለባቸው፤ ድሃ ሰው የሚሠራውን ሥራ እንደ ሥራ አይቆጥሩትም፣ እንደ ውለታ መመለሻ ነው። ይህ ልማድ የእሳቸው ብቻ ቢሆን መልካም ነበር።

ስድስት ወር እንዲህ አለፈ። አሥራ ስምንቱ ተማሪዎች ጠዋት «ቲቸር» ይሏታል፤ ከምሳ በኋላ «አየሁሽ» ትሆናለች፣ «አየሁሽ፣ ፎጣውን አቀብዪኝ»። ከሌላ ልጅ ጋር በጋራ በተከራዩት ክፍል ታድራለች፤ እሑድ ሰው ቤት ሄዳ ትሠራለች፤ ያገኘችውን ለኪራይና ለእናቷ ትከፍለዋለች። ካስክ ስር የገባ ራስ ምንም እንደማይነግራት አስተዋለች፤ ሞቃቱ አየር ሲነፋ የሴቲቱ ሐዘንም ደስታም እኩል ይደርቃል። ቢሆንም ተማረች፤ በፈተናውም ከሁሉ በለጠች። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሰርተፍኬቷ ፎቶዋ ተለጥፎበት፣ በላስቲክ ተሸፍኖ የሳባ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በጣቷ ነካችው። ሳባም በዝግታ ከጣቷ ሥር ሳቡት። ፋይላቸው በመንግሥት እንደሚመረመር፣ ገንዘቡ ወይም ወረቀቱ ካልገባ መስጠት እንደማይችሉ ነገሯት፤ ሲነግሯትም አላፈጠጡባትም፣ ጠረጴዛውን ነው ያዩት።

ቢቸና ተመለሰች። ክፍሉ ለተረኛ ሊተላለፍ የቀረው ስምንት ቀን ነው።

ሁዳዴ ነበርና የዶሮ ነገር አይነሣም። የጾም ወጥ ግን አለ፤ ወይዘሮ ብሩክታይትም ምስክሮቹ በድጋሚ እንደሚደክሙ ሲሰሙ ወዲያው ስለ ምስር ማሰብ ጀመሩ። አየሁሽ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማ፣ በዚህኛው እንዳትጠሪያቸው።»

«ጠላ ብቻ አቀርባለሁ።»

«ጠላም አይሆንም።»

«ውኃስ?»

እናቷ ተነሥተው ያወጡትን የምስር ቁና ወደ ጓዳ መለሱት። መሪጌታ በሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ ተጎንብሰው ሲሄዱ አላየቻቸውም።

ወደ ምስክሮቹ ራሷ ሄደች። በየቤታቸው ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ድሃ ነን በሉልኝ አለቻቸው። እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ ወልደ ኪዳን ምነው ያኔውኑ ብትነግሪን አሉ። የኔታ ብዙ ጠየቋት፤ ሞጣ ምን እንደሠራች፣ ለስንት ሰው እንዳስተማረች፣ ምን እንደተከፈላት። ሁሉንም ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግሥቱ ቢያድግልኝ አዲስ ቅጽ አወጣ። አሁን ሦስት መስመር ያለው የታተመ ቅጽ መጥቷል፤ እያንዳንዱ ምስክር ቃሉን ሰጥቶ በመስመሩ ላይ ይፈርማል። ከኋላ ወረፋ የያዘ ብዙ ሰው ነበር።

እትዬ ፈንታነሽ ቀስ ብለው ተናገሩ። ከሁለት ዓመት ጀምሮ ዱቄት የምወስድላቸው እኔ ነኝ አሉ። ያን ጊዜ የበላነው ዶሮ ቅቤውም የእኔ ነበር አሉ። ጋሼ ወልደ ኪዳን ደግሞ የዚያን ቤት የእድር መዋጮ ለሰባት ወር ከኪሳቸው እንደከፈሉ ተናገሩ። ይህን አየሁሽ አታውቅም ነበር። ጆሮዋ ጋለ። ራሷ ላይ ሰው ሚዶ ቢያደርግ ኖሮ በቆዳዋ ሁሉን ያነብ ነበር። ፈንታነሽ በአውራ ጣታቸው፣ ወልደ ኪዳን በብዕር ፈረሙ።

ተራው የየኔታ ሆነ።

«እኔ ለምኜ ነው የተማርኩት» አሉ። «በየደጁ ስቆም፣ ማን ነህ፣ ድሃ ነህ ወይ ብሎ የመረመረኝ ውሻ ብቻ ነው። ሰውማ ቁራሹን ሰጥቶ ይገባል። መምህሬም ለእህል ብሎ ትምህርቴን አላገተብኝም።»

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ቢያድግልኝ፣ «እርስዎ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው። ድሃ ናት ወይስ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

አየሁሽ ቀና አለች።

«ለአሥራ ስምንት ሰው ስድስት ወር አስተምራለች። የአስተማሪ ደሞዝ አልተቀበለችም። ይህች ልጅ ገንዘቧ ሰው እጅ ያለባት ሴት ናት። አበዳሪ ናት ብለህ ጻፍ፣ እፈርማለሁ።»

«ለእሱ ቅጽ የለንም፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ቅጽ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ብለው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። ቢያድግልኝ ማኅተሙን ጠረገ፣ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ፤ በመጨረሻ ወረቀቱን ለአየሁሽ ሰጣት። ሦስተኛው ምስክር የግድ የኔታ መሆን እንደሌለባቸው፣ ቤቱን የሚያውቅና ዘመድ ያልሆነ ማንም ሰው ቢፈርም እንደሚበቃ በጆሮዋ ነገራት።

ይህ ከሆነ ሦስት ቀን አለፈ። ቢቸና ውስጥ ሦስተኛ ሰው አይጠፋም፤ አየሁሽ ግን አልፈለገችም። ከክፈፉ ሥር በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቅጹን አጥፋ ሚዶዋ ሥር አድርጋ፣ የኔታ የተናገሩትን ታመላልሳለች። የኔታ ልክ ከሆኑ ሰርተፍኬቱ ይቀራል፣ ክፍሉም ለተረኛ ይሄዳል፤ በእጇ የሚቀረው መከበሯ ነው። ሌሎቹ ልክ ከሆኑ ወረቀቷን አግኝታ መስታወቷን ትሰቅላለች፤ ያም ሆኖ በገዛ ገንዘቧ ድሃ ተብላ ነው። ሁለቱም እውነት መሆናቸውን ታውቃለች። ቅጹ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረው። የመጣችውን ደንበኛ ሰሌኑ ላይ አስቀምጣ መስመሩን ከግንባር ትጀምራለች፤ መስመሩ አይዛነፍም።

እርስዎ አንባቢ፣ ዘመድ አይደሉም፤ ቤቱን ከነሳፋዎቹ አይተዋል፤ ሞጣም አብረው ወርደዋል። ዶሮ አልበሉም፣ ውኃም አልቀረበልዎትም፤ ስለዚህ ይሉኝታ የለብዎትም። ቢያድግልኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሮው ነው፤ ክፍሉ ለተረኛ ሊሄድ የቀረው አራት ቀን ነው። ብዕር ከያዙ እባክዎ ይህችን ሦስተኛ መስመር ይፈርሙላት፤ ግን ከመፈረምዎ በፊት፣ ከፊርማው በላይ ባለው ባዶ ቦታ፣ በገዛ እጅዎ ጽሑፍ፣ አየሁሽ ማን እንደሆነች ይጻፉ፤ ድሃ ወይስ አበዳሪ።